ለፒካፕ ጎማ ስንት ንፋስ? ባዶውንም ጭነቱንም እራሳችሁ እንድታወጡት

አዳማ ውስጥ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ፒካፕ አቁሙ፣ ልጁ ቱቦውን እየጎተተ ይመጣና "ጋሼ ስንት ላርገው?" ይላችኋል። አብዛኛው ሰው "40 አርገው በቃ፣ አራቱንም" ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። እኔም ስንት አመት እንደዛ እያልኩ ነው የነዳሁት። 40 መጥፎ ቁጥር ሆኖ አይደለም፣ ጭነት ሲኖር ለኋላው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ሲሆን ግን የመኪናው ቂጥ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ የፊቱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሂሳብ ነው። ፒካፕ እኮ በአንድ ሊብሬ ሁለት መኪና ነው። ቅዳሜ ቤተሰብ ይዞ ሶደሬ ይወርዳል፣ ሰኞ 8 ኩንታል ሽንኩርት ተሸክሞ ይመጣል፣ ታድያ ሁለቱን በአንድ ንፋስ እንዴት ነው የሚሆነው?

ይሄን ነገር በቁም ነገር የያዝኩት ከመቂ 9 ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ስመጣ ነው። ቆቃ ጋ ሻይ ልጠጣ ቆምኩና ዝም ብዬ የኋላውን ግራ ጎማ በመዳፌ ነካሁት፣ ሶስት እስክቆጥር መያዝ አልቻልኩም፣ ያቃጥላል። ቀኙን ነካሁት ለብ ያለ ነው። ጎማው በአይን ሲታይ ምንም አይልም፣ ትንሽ ተኝቷል ግን ጭነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀስ እያልኩ አዳማ ገባሁና ሲያወልቁት ውስጡን በባትሪ አየነው፣ ልክ እንደተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ተከምሯል። ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ራሱን በራሱ ፈጭቶ ነው። እንደዛ የሆነ ጎማ ንፋስ ተሞልቶ አይድንም፣ ከውጭ አዲስ ቢመስልም ከውስጥ አልቋል፣ የሚፈነዳውም ሌላ ቀን ምንም ባላሰባችሁበት ሰአት ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ የምሰራበትን መንገድ ነው ከዚ በታች የምነግራችሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይያዝልኝ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታሰረው ንፋስ ነው። ላስቲኩና ሽቦው ንፋሱን የሚይዙ እቃ ናቸው። ስለዚ ጭነት ሲጨምር ንፋስ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ሌላው ሁሉ ከዚ የሚመጣ ነው።

1. የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ

ጎሚስታው ኮምፕሬሰር ላይ ያለው መለኪያ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የሚጣል፣ የሚረገጥ፣ ፀሀይ የሚያቃጥለው እቃ ነው። አንድ ቀን በአንድ ጎማ ላይ ሶስት ቦታ ዞሬ ለክቻለሁ፣ ሶስቱም የተለያየ ነበር የሚያነቡት፣ በትንሹና በትልቁ መሀል 6 ፒኤስአይ ልዩነት ነበር (ፒኤስአይ ማለት የንፋሱ ግፊት የሚለካበት ነው፣ "40 አርገው" ስንል 40 ፒኤስአይ ማለታችን ነው)። ስለዚ ትንሽ በእጅ የምትያዝ መለኪያ ግዙና ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሁሌም በዛችው በአንዷ ለኩ። ትንሽ ብትሳሳት እንኳን ሁሌም በአንድ አይነት መንገድ ስለምትሳሳት ለውጡን ታሳያችኋለች፣ ዋናው እሱ ነው። በእግር መምታት ወይ በብረት ኳ ኳ ማድረግ ለካ አይባልም፣ 25 ያለውና 40 ያለው የፒካፕ ጎማ ስትመቱት የሚሰጠው ስሜት ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል።

የቁጥሮቹን ነገር እንጨርሰው። 1 ባር ማለት 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ 100 ኬፒኤ (kPa) ደግሞ 1 ባር ነው። ስለዚ በሩ ላይ 200 ኬፒኤ ካለ 2 ባር ወይም 29 ፒኤስአይ ማለት ነው፣ 240 ካለ 35፣ 280 ካለ ደግሞ 41 አካባቢ። የጃፓን መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ በኬፒኤ ነው የሚፃፈው፣ ሰው ቁጥሩ ግራ እያጋባው ሳያነበው የሚያልፈው ለዚ ይመስለኛል።

2. በሩን ክፈቱና ስቲከሩን አንብቡ

የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ወይ በሩ ጠርዝ ላይ ስቲከር አለ፣ አንዳንዱ መኪና ላይ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ ማንዋሉ ውስጥም ይገኛል። እዛ ላይ የጎማው ሳይዝ፣ የፊትና የኋላ ንፋስ፣ ብዙ ፒካፕ ላይ ደግሞ ባዶና ሙሉ ጭነት ተለይቶ ተፅፏል። የኔ ላይ ፊት 200 ኬፒኤ፣ ኋላ ባዶ 200፣ ኋላ ሙሉ ጭነት 280 ይላል። እስቲ ልብ በሉት፣ የፊቱ ምንም አልተቀየረም የኋላው ግን ከ29 ወደ 41 ሄደ፣ 12 ፒኤስአይ ልዩነት ማለት ነው። "አራቱንም እኩል" የሚለው ነገር እዚ ጋ ነው የሚወድቀው። የናንተ ቁጥር ከኔ ይለያል፣ ስለዚ የኔን አትውሰዱ፣ የጓደኛችሁንም አትውሰዱ፣ የራሳችሁን አንብቡ። ስቲከሩ ተልጦ ወይ መኪናው ሲቀባ አብሮ ተቀብቶ ከጠፋ አንድ አይነት ሞዴልና አንድ አይነት የጎማ ሳይዝ ያለው መኪና ፈልጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ከዚ ጋር አታምታቱት። "ማክስ" ተብሎ የተፃፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ንፋስ ነው እንጂ እናንተ እንድትሞሉት የተፃፈ አይደለም። እዛ ላይ 65 አይቶ 65 የሞላ ሰው አውቃለሁ፣ ጎማው በሶስት ወር መሀሉ ልሙጥ ሆነ፣ ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ቀረ።

3. የተገጠመው ጎማ መኪናው ሲሰራ የነበረው አይነት ነው?

ይሄ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ያገለገለ ፒካፕ ስንገዛ ጎማው ብዙ ጊዜ ተቀይሮ ነው የምናገኘው። ጎኑን አንብቡት። 205 አር 16 ሲ የሚል ከሆነ መጨረሻ ላይ ያለው ሲ የጭነት መሆኑን ይናገራል፣ ከጎኑም 110/108 አይነት ቁጥር ይኖራል። 110 ማለት አንዱ ጎማ ብቻውን 1060 ኪሎ ይችላል፣ 108 ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ለያንዳንዱ 1000 ኪሎ። 265/65 አር 17 ሆኖ 112 ካለ 1120 ኪሎ ነው። እነዚ ኪሎዎች ግን ጎማው ሙሉ ንፋሱን ሲይዝ ነው የሚሰሩት፣ 110 የተፃፈበት ጎማ በ28 ፒኤስአይ 1060 ኪሎ አይሸከምም።

ሳይዙ ፊት ላይ ኤልቲ (LT) የሚል ከሆነ ደግሞ ለቀላል ጭነት መኪና የተሰራ ወፍራም ጎን ያለው ጎማ ነው። ፕላይ የሚሉት የጥንካሬ ደረጃውን ነው፣ ባለ 6 ፕላይ የሚባለው ብዙውን ጊዜ እስከ 50 ፒኤስአይ፣ ባለ 8 እስከ 65፣ ባለ 10 እስከ 80 ይሄዳል። ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ መሰላችሁ፣ "ጎማው ጠንካራ ስለሆነ በትንሽ ንፋስም ይችላል" ይላል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ኤልቲ ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከመደበኛው የበለጠ ንፋስ ነው የሚፈልገው። ስለዚ ስቲከሩ ለመደበኛ ጎማ ተፅፎ እናንተ ኤልቲ ካስገባችሁ የስቲከሩ ቁጥር ያንሳችኋል። ትክክለኛው መንገድ የጎማው ፋብሪካ የሚያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ማየት ነው፣ የጎማውን ስምና ሳይዝ ስትፈልጉ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። እሱን ካላገኛችሁ ከስቲከሩ 5 ወይ 6 ከፍ አርጋችሁ ጀምሩና ቁጥር 6 ላይ በምነግራችሁ መንገድ አረጋግጡ።

እዛው ቆማችሁ እድሜውን እዩ። ዶት (DOT) ከሚለው ፅሁፍ መጨረሻ 4 ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። ያረጀና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ላይ የንፋስ ሂሳብ መስራት ድካም ነው፣ አውልቁት።

4. ጠዋት፣ ሳይነዳ

መኪናው ቢያንስ ሶስት ሰአት ቆሞ ፀሀይም ሳይመታው ነው የሚለካው። እኔ ጠዋት 12 ሰአት ከግቢ ሳልወጣ ነው የምለካው። አዳማ ላይ ግማሽ ቀን ፀሀይ የቆመ መኪና ፀሀይ ያገኘው በኩል ያሉት ጎማዎች ከጥላዎቹ 2 እና 3 ፒኤስአይ ከፍ ብለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ንፋሱ ተጨምሮ ሳይሆን ሞቆ ነው። በደፈናው ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ተኩል እስከ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል።

ከዚ የሚመጣ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። ከአዋሽ ወይ ከመተሀራ ሲመጡ መንገድ ላይ ለክተው "ውይ 47 ሆኗል" ብለው ያስተነፍሳሉ። ተዉት! ሲሞቅ እንዲጨምር ታስቦ ነው የተሰራው። ትኩሱን አስተንፍሳችሁ 41 ካደረጋችሁት ማታ ሲቀዘቅዝ 35 ይሆንና በማግስቱ ያንኑ ጭነት በ35 ነው የምትነዱት። ትኩስ ሆኖ ጎደለ ብላችሁ ካሰባችሁ ግን መጨመር ይቻላል፣ ከቀዝቃዛው ቁጥር 4 ያህል አስበልጡና ጠዋት እንደገና አስተካክሉት።

አራቱን ለክታችሁ አንዱ ብቻ ከቀነሰ ወይ ምስማር አለ ወይ ቫልቩ ያፈሳል። ጎሚስታዎቹ ምራቅ አድርገው የሚያዩት ነገር ይሰራል፣ አረፋ ካወጣ ቫልቩ ነው። ጤነኛ ጎማም በወር 1 ወይ 2 ይቀንሳል። የቫልቩን ቆብ ደግሞ አትናቁት፣ የኛ አቧራ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ነው ቀስ በቀስ የሚያስተነፍሰው።

5. የዛሬውን ጭነት አስሉት

ሊብሬያችሁ ላይ ያለው የጭነት ልክ 10 ኩንታል ነው እንበል፣ ስቲከሩ ደግሞ እንደኔ ኋላ ባዶ 29 ሙሉ 41 ይላል። ልዩነቱ 12 ነው፣ ለ10 ስታካፍሉት ለአንድ ኩንታል 1.2 ፒኤስአይ። 5 ኩንታል ከጫናችሁ 29 ላይ 6 ትጨምራላችሁ፣ 35። 8 ኩንታል ከሆነ 10 ትጨምሩና 39። ነጥብ ከመጣ ወደላይ አጠጋጉት፣ ከማነስ ትንሽ መብለጥ ይሻላል።

ሰውም ጭነት ነው። ደብል ጋቢና ላይ ኋላ ወንበር ሶስት ጎልማሳ ከተቀመጠ 2 ኩንታል ገደማ ተጨመረ ማለት ነው፣ እሱን ረስቶ "ባዶ ነኝ" የሚል ብዙ ነው። ፖርቶ ባጋሊዮ፣ ትርፍ ጀሪካን፣ የተበየደ ብረት ካለም ቁጠሩት። የተጫነበት ቦታም ለውጥ አለው፣ ጭነቱ ከኋላው አክስል ወደ ጭራ ሲያልፍ የፊቱን ያነሳና የኋላውን ከራሱ ክብደት በላይ ይጫነዋል፣ ስለዚ የቲማቲም ሳጥን ስትደረድሩ ከባዱን ወደ ጋቢናው አስጠጉ።

በትክክል ማወቅ የፈለገ ሰው የመኪና ሚዛን ላይ ይውጣ። እዚ አዳማና ሞጆ መስመር ላይ እህልና ብረት የሚመዝኑ ሚዛኖች አሉ፣ ትንሽ ከፍላችሁ መጀመሪያ ሙሉ መኪናውን ቀጥሎ የኋላውን ጎማ ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ታስመዝናላችሁ። የኋላው 1500 ኪሎ ከመጣ አንዱ ጎማ 750 ተሸከመ ማለት ነው፣ ያንን ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጋር ታመሳክራላችሁ። እኔ አንዴ ባዶውን አንዴ ጭነቱን አስመዝኜ ቁጥሩን በሩ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፣ ሁለቴ ብቻ የተከፈለበት ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልናገር፣ ከልኩ በላይ ተጭኖ በንፋስ ማካካስ የሚባል ነገር የለም። ባሌስትራ አስጨምሮ፣ ጎማውን 60 አስነፍቶ፣ 18 ኩንታል ይዞ አሰላ የሚወጣና የሚወርድ ፒካፕ አያለሁ፣ ቸርኬውም ፍሬኑም ቦሎኑም ለዛ አልተሰራም። ቁልቁለቱ ላይ ከፊቱ የሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለዚ ጎማ የሚያውቁት ነገር የለም።

6. ልክ መሆኑን ጎማው ራሱ ይናገር

ከጠዋቱ በቀዝቃዛ ለኩና ቁጥሩን ፃፉት። አንድ ሰአት በመደበኛ ፍጥነት ነድታችሁ ወዲያው እንደቆማችሁ ድገሙት። መደበኛ ጎማ ላይ ወደ 4፣ ኤልቲ ላይ ወደ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ ካገኛችሁት ጥሩ ነው። ከዛ በብዙ ከበለጠ ጎማው ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው፣ ማለትም መነሻው አንሷል፣ ጨምሩ። 1 ወይ 2 ብቻ ከጨመረ መነሻው በዝቷል። ይሄ ቁርጥ ያለ ሳይንስ ሳይሆን ሹፌሮች የሚጠቀሙበት ግምት ነው፣ ሆኖም እኔን አሳስቶኝ አያውቅም።

ሌላው የጠመኔ ዘዴ ነው። ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ወፈር ያለ መስመር አስምሩ፣ ለጥ ያለ አስፋልት ላይ 50 ሜትር ያህል ቀጥ ብላችሁ ንዱና ውረዱ። መሀሉ ጠፍቶ ዳሮቹ ከቀሩ ንፋሱ በዝቷል፣ ዳሮቹ ጠፍተው መሀሉ ከቀረ አንሷል፣ እኩል ከጠፋ በቃ አገኛችሁት። የሚያስፈልገው ጠመኔ ብቻ ነው።

አበላሉም ያው ነው፣ መሀል ከተበላ በዝቶ ኖሯል፣ ሁለቱም ዳር ከተበላ አንሶ። አንድ ዳር ብቻ ከተበላ የንፋስ ጉዳይ አይደለም፣ አላይመንት አሰሩ።

7. መንገዱ

ወደ አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ከሆነ ከስቲከሩ በታች ንክች እንዳትሉ። እዛ መንገድ ላይ እስከ 120 ይነዳል፣ ያለማቋረጥ በዛ ፍጥነት የሚሽከረከር የተኛ ጎማ ነው ዳር ላይ ተበጣጥሶ የምታዩትን ላስቲክ የሚያደርገው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ባዶ ፒካፕ ከኋላ 45 ይዞ መሄድ አደጋ ነው፣ የፒካፕ ክብደት ባዶ ሲሆን አብዛኛው ፊት ሞተሩ ጋ ነው፣ ኋላው ቀሎ ጎማውም ድርቅ ሲል አስፋልቱን የሚነካው ቦታ ያንሳል፣ ፍሬን ስትይዙ ጭራው ይዞርባችኋል። ጭነት አራግፋችሁ ስትመለሱ አስተንፍሱት፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ግን ቀዝቅዞ እያለ።

ከፍታም ትንሽ ይነካዋል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ ወደ 1700፣ መተሀራ ከ1000 በታች። በያንዳንዱ 600 እና 700 ሜትር ስትወርዱ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያነባል፣ ስትወጡ ይጨምራል። አንዲት ቀን ደርሶ ለመመለስ ምንም አይደለም፣ አዲስ አበባ ብርድ ላይ አስሞልታችሁ ቆላ የምትከርሙ ከሆነ ግን እዛው ደርሳችሁ ጠዋት እንደገና ለኩ።

ለኮረኮንች ባዶ ሲሆን 5 ወይ 6 መቀነስ መኪናውን በጣም ያረጋጋዋል፣ ፍጥነታችሁን ከ60 በታች ካደረጋችሁ። ክረምት ጥቁር አፈር ውስጥ ወይ አሸዋ ላይ ከተያዛችሁ 20 አካባቢ ድረስ አውርዳችሁ በቀስታ ውጡ፣ ጎማው ሲሰፋ ይይዛል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጎማችሁ ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ ያን ያህል አታውርዱት፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና ቫልቩን ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ መልሳችሁ የምትሞሉበት ከሌለ አታስተንፍሱ፣ ከባትሪ የሚሰራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ይሸጣል፣ አንዱን ጎማ ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል ግን ከገጠር አስፋልት ድረስ በ20 ከመንዳት ያድናል።

ናይትሮጅን ሙሉ ለሚሏችሁ፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለምትለኩ ሰዎች ተራው ንፋስ ይበቃል።

8. ስኮርታ (ትርፍ ጎማው)

ፒካፕ ላይ ከስር ተንጠልጥሎ ጭቃ ጠጥቶ ስለሚኖር ማንም አይለካውም። ከመኪናው ስር በካርቶን ላይ ተኝታችሁ ቫልቩ ወደ ታች መዞሩን እዩ፣ ወደ ላይ ከዞረ አንዴ አውርዳችሁ ገልብጡት፣ ከዛ በኋላ ሳታወርዱ መለካት ትችላላችሁ። ንፋሱን ለሙሉ ጭነት በሚሆነው ልክ ያዙት፣ የኔው 41 ነው፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ ለፊት ጎማ ካስፈለገ ማስተንፈስ በአንድ ደቂቃ ይሆናል፣ ለኋላ አስፈልጎ 20 ብቻ ሆኖ ከተገኘ ግን ጭነት ይዛችሁ ዳር ቆማችሁ ነው የምትውሉት። የሚያወርደውን ሰንሰለትም በየሁለት ሶስት ወሩ አንዴ ዝቅ ከፍ አድርጉት፣ ዝጎ ከተጣበቀ ክሪክም ቁልፍም ይዛችሁ ጎማውን ማውረድ ያቅታችኋል።